«ልጃችን ባንክ ነው የምትሠራው»

«እስቲ እጅሽን አሳይኝ» አልኳት።

ጣቶቿን ዘርግታ ሳቀች። የአውራ ጣቷ ጥፍር ሥሩ ጠቁሯል። ሌባ ጣቷ ላይ ደግሞ ባለፈው ሳምንት የጋለ ብር የለበለባት ቦታ ገና አልጠገገም። «እናቴ ከዚህ እጅ ጋር ተጣልታለች። እሑድ ሽማግሌ ይመጣል፤ ቡናውን እኔ እንዳላቀርብ ተወስኖብኛል» አለችኝ።

ውድ አንባብያን፣ የዛሬዋ እንግዳችን 26 ዓመቷ ነው። በአካውንቲንግ በዲግሪ ተመርቃ አንድ ባንክ ውስጥ ዓመት ከስምንት ወር ሠርታለች። አሁን ግን የጌጣጌጥ ዲዛይነር ለመሆን ደፋ ቀና እያለች ነው። ስሟን አንጽፍም። ለምን እንደሆነ እያነበባችሁ ስትሄዱ ይገባችኋል።

ዲዛይነር ሲባል ካፌ ቁጭ ብላ፣ ማኪያቶዋን እየጠጣች ወረቀት ላይ የምትሞነጫጭር ቆንጆ ነው አይደል የሚታያችሁ? እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። የሄድኩት ግን ሽሮ ሜዳ አካባቢ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ያለች ጠባብ ቆርቆሮ ቤት ነው። እዚያ «ጋሼ» ከምትላቸው አረጋዊ አንጥረኛ ጎን በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትውላለች። ሰውየው ዕድሜያቸውን የፈጁት ፒያሳ ነበር። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሠፈሩን ሲያፈርሰው መስፋቸውን ተሸክመው እዚህ መጡ። እሷም ተከተለቻቸው።

ቀኗ የሚጀምረው በማቅለጥ ነው። ብር 961፣ ወርቅ 1,064 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይቀልጣል። ቴርሞሜትር ግን በዚያ ቤት የለም። ጋሼ የእሳቱንና የብሩን ቀለም አይተው «አሁን!» ሲሏት ታፈሰዋለች። ቆሻሻውን እንዲያነሳላት ቦረክስ ጣል ታደርግበታለች። ከዚያ መቀጥቀጥ ነው። ብር እየተቀጠቀጠ ሲሄድ ይደርቅና ሊሰነጠቅ ይነሳል፤ ስለዚህ ደግማ እሳት ታሳየዋለች፣ ደግማ ትቀጠቅጠዋለች። ሽቦ ካስፈለጋት ቀዳዳ ቀዳዳ ባለው ብረት ውስጥ በጉጠት እየጎተተች ታቀጥነዋለች። የመጀመሪያው ቀን ክንዷ አብጦ ማታ እንጀራ መቁረስ አቅቷት እንደነበር ነገረችኝ። ሞረድ ስትይዝ ጉልበቷ ላይ ቆዳ ትዘረጋለች። የሚረግፈውን ብናኝ ሰብስባ በጠርሙስ ታስቀምጣለች። «ሰው ይስቅብኛል፣ ግን ያቺ ጠርሙስ የኔ ቁጠባ ናት። ባንክ እያለሁም ይህን ያህል አልቆጠብኩም።»

የምትስለው ማታ ነው፣ ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ። ደብተሯን አሳይታኛለች። የድሮውን አልቦ ወስዳ ቀለበት አድርጋዋለች፤ ጠልሰም የሚንጠለጠልበትን ክር ደግሞ ወደ ጆሮ ጉትቻ አምጥታዋለች። እኔ የጌጥ ሰው አይደለሁም፣ ግን አንዱን ገጽ ቶሎ መግለጥ አልቻልኩም።

ብዙ ጊዜ ልቧ የሚሰበረው ደንበኛ የአያቱን ጠገራ ብር ይዞ «አቅልጪልኝ» ሲል ነው። ጠገራ ብር መቼም ቢመታ የሚጻፍበት ዓመት 1780 ነው። አንዱ 28 ግራም ይመዝናል፣ ከዚያ ውስጥ ንጹሕ ብሩ 23 ግራም ከምናምን ነው። የጥንት አንጥረኞች መስቀሉንም አምባሩንም የሠሩት ይህንኑ እያቀለጡ ነው። «እነሱ አቅልጠው ባይሠሩ ኖሮ እኔ የማየው ነገር አይኖርም ነበር» ትላለች። እሷ ግን መጀመሪያ ደንበኛውን ትለምናለች፦ ሳይቀልጥ፣ ዙሪያውን ብቻ ይዤ ሐብል ላድርግልህ። ግማሾቹ ይስማማሉ። ግማሾቹ ይቆጧታል።

ኦፓሉም የራሱ ጣጣ አለው። በ2000 ዓ.ም. በወሎ፣ ወገል ጤና አካባቢ ከተገኘ ወዲህ ስንቱ ሠርቶበታል። የወሎ ኦፓል ግን ውኃ ይጠጣል። አንዲት ደንበኛ ቀለበቷን እንዳደረገች ልብስ አጥባ፣ ቀለሙ ጥፍት ሲልባት «ድንጋዩን ቀየርሽብኝ!» ብላ ግቢውን አናውጣው ነበር። ልጅቷ ተቀብላ ጥላ ውስጥ አስቀመጠችው። ከቀናት በኋላ ደርቆ ያ ሁሉ ቀለም ተመለሰ። ኦፓል ያላችሁ እህቶች፣ ሳሙናና ቅባት ስትነኩ አውልቁት። እሳትም አይወድም፤ ለዚህ ነው እሷ ብየዳውን ሁሉ ጨርሳ ድንጋዩን መጨረሻ ላይ የምታስቀምጠው።

ገንዘቡስ? አትጠይቁኝ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዋጋው ሽቅብ ሲወጣ ወርቅ መሥራት ሕልም ሆነባት። በብር ብቻ ነው የምትሠራው። ቴሌግራም ላይ አንድ ጉትቻ ፎቶ ለቀቀች፤ ወር ሳይሞላው መስታወት ውስጥ ተደርድሮ አየችው። የራሷ ነው፣ መንጠቆው ብቻ ተቀይሯል። ዲዛይን በአዋጅ ቁጥር 123/1987 ተመዝግቦ ጥበቃ እንደሚያገኝ የነገራት የለም። እናንተም እንደሷ የምትስሉ ከሆናችሁ ፎቶ ከመልቀቃችሁ በፊት አእምሯዊ ንብረት መሥሪያ ቤት ጎራ በሉ።

እንግዲህ ወደ እሑድ እንመለስ።

አባቷ ጡረተኛ ናቸው። ባንኩን የለቀቀች ዕለት «አስተምሬ አስተምሬ ለመዶሻ ነው?» ብለው ሦስት ሳምንት አላናገሯትም። እናቷ ግን የፈሩት መዶሻውን አይደለም። የፈሩት ስሙን ነው። ቀጥቃጭ፣ ጠይብ፣ ከዚያም ያቺ በሹክሹክታ የምትባለው፦ ቡዳ። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ እንዲቀር አዋጅ አስነግረው ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም እናቷ ለእጮኛዋ አክስት «ልጃችን ባንክ ነው የምትሠራው» ብለዋል። አስቂኙ ነገር፣ አክስትየዋ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉት መስቀል የማን እጅ ሥራ ሆነና!

«ልጁስ? ያውቃል?» አልኳት።

ለትንሽ ጊዜ ዝም አለች። ያውቃል። የስዕል ደብተሯን የገዛላት እሱ ነው። የመጀመሪያ ቀለበቷንም የገዛት እሱ ነው፣ ለእህቱ ብሎ። ባለፈው ማክሰኞ ግን «እሑድ ብቻ ዝም በይ፣ ሠርጉ ይለፍ፣ ከዚያ ቀስ ብለን እንነግራቸዋለን» አላት።

«ከእናቴ አፍ ሲወጣ አላመመኝም። የሱ ነው ያመመኝ።»

እንደ አማካሪ መናገር ካለብኝ፣ ልጁ ክፉ አይደለም። አክስቱን ፈርቶ ነው፣ አክስት ደግሞ ያስፈራል። ግን በውሸት የገባች ሙሽራ በየበዓሉ፣ በየለቅሶው ያንኑ ውሸት ስትመግብ መኖሯ ነው። የሚሻለው ከእሑድ በፊት እሱ ራሱ ሄዶ ለአክስቱ ቢነግራቸው ነው። እሷ ሳትሆን እሱ። ይህንኑ አልኳት። «እሺ ካለ» አለችኝና መዶሻዋን አነሳች።

ስወጣ በሩ ጋ ፌስታል ውስጥ ሎሚ አየሁ። እናቷ ጠዋት ይዘውላት የመጡት ነው፣ ጥፍሯን እንድትፈትግበት።

«ሞከርሽው?» አልኳት።

ጋሼ ከውስጥ መለሱልኝ። ግማሹን እሳቸው ብሩን አጥበውበታል።