የኦቫሪ እድገት በአጥቢ እንስሳት

ኦቫሪ (የእንቁላል እጢ) በሴት አጥቢ እንስሳት ማህፀን ግራና ቀኝ የሚገኝ ጥንድ አካል ነው። እንቁላል ያዘጋጃል፤ ኤስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን የተባሉ ሆርሞኖችንም ያመነጫል።

የሰው ፅንስ እስከ 6ኛው ሳምንት ገደማ ድረስ የዘር እጢው የወንድ ይሁን የሴት አይለይም። በዋይ ክሮሞሶም ላይ ያለውና በ1990 እ.ኤ.አ. የተለየው ኤስአርዋይ የተባለ ጂን ከሠራ እጢው ቆለጥ ይሆናል፤ ከሌለ ግን ኦቫሪ ይሆናል። ከዚህ የተነሳ ኦቫሪ ያለ ምንም ትእዛዝ በራሱ የሚመጣ ነገር ይመስል ነበር። ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። በ2009 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ፎክስኤል2 የተባለው ጂን ከአዋቂ አይጦች ኦቫሪ ውስጥ ሲጠፋ የኦቫሪው ህዋሳት ወደ ቆለጥ ህዋሳት ጠባይ ተለወጡ። ማብሪያው አንድ ጊዜ ተጭኖ የሚተው ሳይሆን ዕድሜ ልክ ተይዞ የሚቆይ ነው ማለት ነው።

እንቁላል የሚሆኑት ህዋሳት በእጢው ውስጥ አይፈጠሩም። ከአስኳል ከረጢት ግድግዳ ተነስተው ወደ እጢው ይጓዛሉ፤ እዚያም ይባዛሉ። በ20ኛው የእርግዝና ሳምንት ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን ይደርሳሉ፤ ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ሴት ልጅ ስትወለድ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን፣ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ከ300 እስከ 400 ሺህ ያህል ይቀራሉ። በዕድሜዋ የሚለቀቁት ከ400 እስከ 500 ገደማ ብቻ ናቸው። (እያንዳንዱ ሰው የተገኘበት እንቁላል የተጀመረው እናቱ ገና በአያቱ ማህፀን ሳለች ነው።) በ2004 እ.ኤ.አ. በአይጥ ላይ የተደረገ ጥናት ከውልደት በኋላም አዲስ እንቁላል ይፈጠራል ቢልም ብዙዎች አልተቀበሉትም።

እነዚህ ህዋሳት ክፍፍላቸውን ከውልደት በፊት ጀምረው መሃል ላይ ያቆማሉ፤ የሚቀጥሉት እንቁላሉ ሊለቀቅ ሲል ነው። ቆይታው በረዘመ ቁጥር ክሮሞሶሞች በትክክል ሳይከፋፈሉ የመቅረት ዕድላቸው ይጨምራል። በእናት ዕድሜ መግፋት የውርጃና የዳውን ሲንድረም ዕድል የሚጨምረውም በዋናነት ለዚህ ነው።

በከብት ዘንድ ችግሩ ቀድሞ ይመጣል። ላም ወንድና ሴት መንታ ስትፀንስ አብዛኛውን ጊዜ የእንግዴ ልጆቹ የደም ሥሮች ስለሚገናኙ የወንዱ ሆርሞኖች ወደ ሴቷ ያልፋሉ፤ ኦቫሪዋም በቅጡ አያድግም። ከ10 እንዲህ ዓይነት ጥጆች 9ኙ ያህል መካን ይሆናሉ። ከውጭ ሲታዩ ብዙውን ጊዜ ከሌላ ጊደር ስለማይለዩ፣ ለወተት ብሎ ለሚያሳድግ ሰው ኪሳራው የሚታወቀው ዘግይቶ ነው።

በሰው የካንሰር መድኃኒትና ጨረር ይህን የማይተካ ክምችት ሊያጠፉ ይችላሉ። ስለዚህ ከሕክምናው በፊት የኦቫሪ ቁራጭ ወስዶ በቅዝቃዜ ማቆየት ተጀምሯል፤ ቁራጩ ተመልሶ ከተተከለላት ሴት የመጀመሪያው ልጅ በ2004 እ.ኤ.አ. በቤልጅግ ተወለደ።