የገና ዱላ አሠራር

የገና ዱላ በገና ጨዋታ ሩር ለመምቻ የሚያገለግል፣ ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ ነው። የምሥራቅ ጎጃሞቹን ብቸናንና ሞጣን ጨምሮ በደጋው አገር ጨዋታው በገና በዓል (ታኅሣሥ 29፣ በየአራት ዓመቱ 28) ሰሞን ይዘወተራል። ልጆች ዱላቸውን ራሳቸው ስለሚያዘጋጁ፣ እግረ መንገዳቸውን የእንጨት ሥራ ይማራሉ።

መጀመሪያ እንደ ወይራ ካለ ጠንካራ ዛፍ በተፈጥሮው የጎበጠ ቅርንጫፍ ይመረጣል። ካልተገኘ እርጥብ እንጨት በእሳት ተሞቆ ይቆለመማል፤ ቅርጹን እስኪይዝም በገመድ ታስሮ ይደርቃል። ከዚያ ልጡ ይላጣል፤ ጉጡም በቢላዋ ይስተካከላል። ስለቱ ምንጊዜም እንጨቱን ከያዘው እጅ ርቆ መሄድ አለበት፤ ለትንንሾቹም ታላቅ ሰው ሊያግዛቸው ይገባል።

ወፍራም ቀጥ ያለ እንጨት ጠርቦ ቆልማማ ማድረግም ይቻላል፤ ዱላው ግን አይበረክትም። የእንጨቱ ጅማት መታጠፊያው ላይ ስለሚቆረጥ፣ ኃይለኛ ምት ሲያርፍበት ከዚያው ይሰነጠቃል። በጎበጠው ቅርንጫፍ ግን ጅማቱ ከእጀታው እስከ ጫፉ ሳይቋረጥ ይዘልቃል። ተሰባሪው ዱላ በጨዋታ መካከል ተፈናጥሮ ሰው ሊጎዳ ስለሚችል፣ የእንጨት ምርጫ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ሩሯም ከእንጨት ተጠርባ ትድቦለቦላለች፤ ከቆዳ የምትሠራም አለች።