ሙቀቱን ራሱ የሚመርጥ እባብ

የበቆሎ እባብ ለማሳደግ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ቤቱን ስንት ዲግሪ ላድርግለት?» ብሎ ነው። ጥያቄው ከመነሻው ጎደሎ ነው። ለዚህ እንስሳ የሚበጅ አንድ ዲግሪ የለም፤ ቢያንስ ሁለት ያስፈልጉታል፣ በሁለቱ መካከልም እንደ ልቡ የሚመላለስበት ቦታ።

የበቆሎ እባብ አገሩ ደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ነው። ከኒው ጀርሲ እስከ ፍሎሪዳ ድረስ በጥድ ጫካ፣ በተተወ ቤትና በእህል ጎተራ ዙሪያ አይጥ እያደነ ይኖራል። መርዝ የለውም፤ ያደነውን ተጠምጥሞበት ይገድላል። ሲያድግ ከ90 ሳንቲ ሜትር እስከ ሜትር ተኩል ይረዝማል፣ በደንብ ከተያዘም 20 ዓመት ሊኖር ይችላል። እባብ ሲያይ ድንጋይ ለሚያነሳ አንባቢ እንግዳ ነገር ይሆናል እንጂ፣ በአሜሪካና በአውሮፓ በሰው ቤት ከሚያድጉ እባቦች በጣም ከተለመዱት አንዱ ይኸው ነው፤ ገራም ስለሆነ።

እኛ ከምንበላው ምግብ ብዙው የሚቃጠለው ሰውነታችንን 37 ዲግሪ ላይ ለማቆየት ነው። እባብ ይህን ወጪ አያወጣም፤ ስለዚህም በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንድ አይጥ ውጦ ያድራል። በምትኩ ሙቀቱን ከውጭ ይፈልጋል። ተሳቢ እንስሳት አየሩ ሲሞቅ የሚሞቁ፣ ሲበርድ የሚበርዱ ምስኪኖች ናቸው ተብሎ ለረጅም ጊዜ ይታመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944 ሬይመንድ ካውልስና ቻርልስ ቦገርት የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የበረሃ እባቦችንና እንሽላሊቶችን አጥንተው ሌላ ነገር አሳዩ። እንስሳቱ ከፀሐይ ወደ ጥላ፣ ከጥላ ወደ ፀሐይ እየተመላለሱ የሰውነታቸውን ሙቀት በሚፈልጉት ልክ ይጠብቃሉ። የእባብ ቤት አሠራር ሁሉ ከዚህ ግኝት ይጀምራል።

ስለዚህ እባቡ የሚኖርበት የመስታወት ሳጥን አንዱ ጫፍ ይሞቃል፣ ሌላው ይቀዘቅዛል። በሞቃቱ በኩል እባቡ የሚተኛበት ቦታ ከ30 እስከ 32 ዲግሪ፣ በቀዝቃዛው በኩል ከ22 እስከ 25 ዲግሪ ቢሆን ጥሩ ነው። በሁለቱም በኩል መደበቂያ ይቀመጥለት። ዓይናፋር እንስሳ ስለሆነ፣ መደበቂያው ቀዝቃዛው ዘንድ ብቻ ከሆነ እየበረደውም ቢሆን እዚያው ይቀራል።

ሙቀቱ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ከበላ በኋላ ነው። ምግብ የሚፈጩት ኢንዛይሞች ሲበርዳቸው ይሰንፋሉ። አይጧ ሆዱ ውስጥ ሳትፈጭ መበስበስ ትጀምራለች፤ እባቡም ከቀናት በኋላ መልሶ ይተፋታል። «እባቤ ተፋ» የሚል ሰው በሽታ ከመጠርጠሩ በፊት ቴርሞሜትሩን ቢያይ ይሻለዋል።

ሙቀቱ በምን ይምጣ? ለብዙ ዓመታት የሚመከረው ከሳጥኑ ሥር የሚነጠፍ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ምንጣፍ ነበር። ምንጣፉ የነካውን ያሞቃል እንጂ አየሩን እምብዛም አያሞቅም፤ ሙቀቱም ከቆዳ ብዙ አልፎ አይገባም። እባቡ እሳቱ በጠፋ ምጣድ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ከታች ብቻ ይሞቃል። ሃሎጅን አምፖል የተለየ ነው። ከሚሰጠው ጨረር ብዙው አጭር ሞገድ ያለው ኢንፍራሬድ ሲሆን፣ እንደ ፀሐይ ሙቀት ቆዳን አልፎ ወደ ሥጋ ይዘልቃል፤ ከሥሩ ያለውን ድንጋይና እንጨትም ያሞቃል። ለቀን ሃሎጅን ይሻላል ባይ ነኝ። ሌሊት ቤቱ ከ18 ዲግሪ በታች ካልወረደ ማሞቂያውን ማጥፋት ይቻላል፤ በጫካውም ሌሊት ይቀዘቅዛል። ከዚያ በታች ከወረደ ግን ብርሃን የማይሰጥ የሴራሚክ ማሞቂያ ይበቃል።

የትኛውም ማሞቂያ ያለ ሙቀት መቆጣጠሪያ (ቴርሞስታት) አይሰካ። ምንጣፍ ቁጥጥር ከሌለው ከ40 ዲግሪ በላይ ሊግል ይችላል፣ እባብ ደግሞ ሆዱ እየተቃጠለ ሳይነሳ ይቀራል። የእንስሳት ሐኪሞች ከሚያክሟቸው የቤት እባቦች ቁስሎች መካከል ቃጠሎ የተለመደ ነው። ብዙ ሰው የሚስተው ግን የቴርሞስታቱን መለኪያ ጫፍ የሚያኖርበትን ቦታ ነው። ከላይ በተነጠፈው የእንጨት ፍቅፋቂ ላይ ካስቀመጡት 30 ዲግሪ እያሳየ፣ ከሥር መስታወቱ ከዚያ በጣም ሊግል ይችላል። እባቡ ደግሞ ፍቅፋቂውን ሰርስሮ የሚተኛው እዚያው መስታወቱ ላይ ነው። ስለዚህ ጫፉ ምንጣፉ ባለበት በኩል በመስታወቱ ወለል ላይ ይሁን። ለአምፖል መብራቱን ቀስ እያለ የሚያደበዝዝ ቴርሞስታት ይግዙ፤ ቦግ እልም የሚያደርገው ለምንጣፍ እንጂ ለአምፖል አይሆንም። አምፖሉ ሳጥኑ ውስጥ ከተሰቀለም በሽቦ ይከለል፣ ይህ እባብ ወደ ላይ መውጣት ይችልበታልና።

ብርሃን የራሱ ጉዳይ አለው። የበቆሎ እባብ ብዙውን ጊዜ የሚንቀሳቀሰው ሲመሽና ሲነጋ ቢሆንም ቀንና ሌሊት መለየት አለበት፤ 12 ሰዓት ብርሃን፣ 12 ሰዓት ጨለማ ይስማማዋል። ሌሊቱን ሙሉ ቀይ አምፖል የሚያበሩ አሉ፣ እባቡ አያየውም ተብለው። ማየቱን ያያል፤ አምፖሉ ይጥፋ።

የሚያከራክረው የዩቪቢ መብራት ነው፤ ዩቪቢ ቆዳ ቫይታሚን ዲ እንዲሠራ የሚያደርገው የፀሐይ ጨረር ነው። እባቡ አይጧን ከነጉበቷ ስለሚውጥ ቫይታሚን ዲ ያገኛል፤ ያለ ዩቪቢ አድገው የሸመገሉ እባቦች ብዙ ናቸው። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አንድ ጥናት ዩቪቢ የበራላቸው የበቆሎ እባቦች በደማቸው ያለው የቫይታሚን ዲ መጠን ካልበራላቸው ከፍ ብሎ እንደተገኘ አሳይቷል። ቆዳቸው በጨረሩ ቫይታሚኑን ይሠራል ማለት ነው። ግድ ነው ባልልም፣ አቅሙ ያለው ደካማውን ዓይነት ቢያበራለትና የሚሸሽበት ጥላ ቢተውለት ደግ ነው። ጥቁር ቀለም የሌላቸው አልቢኖዎች ግን ጨረሩ ስለሚጎዳቸው ጥንቃቄ ይሻሉ። ሳጥኑን መስኮት ዳር አስቀምጦ በፀሐይ ለመተካት ማሰብ ስህተት ነው፤ የመስኮት መስታወት ዩቪቢን ያስቀራል፣ ሙቀቱን ግን አስገብቶ እባቡን ሊገድለው ይችላል።

በአሜሪካ ለምትኖሩና ልጆቻችሁ «ግዙልን» ለሚሏችሁ አንድ ነገር ልጨምር። በጆርጂያ ግዛት መርዝ የሌላቸውን የአገሩን እባቦች ያለ ፈቃድ በቤት ማኖር ሕግ ይከለክላል፤ የበቆሎ እባብም የአገሩ ስለሆነ የምትኖሩበትን ግዛት ሕግ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከተፈቀደላችሁም ሳጥኑን አንድ ሳምንት ባዶውን አሙቁት፣ ሁለቱንም ጫፍ ጠዋትና ማታ ለኩ፤ ቁጥሮቹ ሳይረጉ እባቡን ወደ ቤት አታምጡት።