መሰየም፦ ቅጣቱን የፈጸመ ሰው መዝገቡ የሚሰረዝበት ሥርዓት

ከእስቴ፣ ከስማዳ ወይም ከጋይንት ተነሥቶ ቅጥር የሚፈልግ ሰው ከትምህርት ማስረጃው ጋር ከወንጀል ነፃ መሆኑን የሚገልጽ የፖሊስ ማረጋገጫ ሊጠየቅ ይችላል። ቀደም ሲል ተፈርዶበት ቅጣቱን የጨረሰ ሰው ችግር የሚገጥመው እዚህ ላይ ነው፤ ከማረሚያ ቤት መውጣት ብቻውን የጥፋተኝነት መዝገብን አይሰርዝም።

ለዚህ ሕጉ ያስቀመጠው መፍትሔ «መሰየም» ይባላል። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ከአንቀጽ 232 ጀምሮ ይደነግገዋል። መሰየም በጊዜ ብዛት በራሱ የሚመጣ አይደለም፤ ባለጉዳዩ አመልክቶ በፍርድ ቤት የሚሰጥ ውሳኔ ነው።

ቅጣቱ ጽኑ እስራት ከነበረ ከተፈጸመ በኋላ ቢያንስ 5 ዓመት፣ በሌሎች ቅጣቶች ደግሞ 2 ዓመት ማለፍ አለበት። በዚህ ጊዜ አመልካቹ መልካም ጠባይ ማሳየቱ ይመረመራል። የተፈረደበትን ካሣ አቅሙ በፈቀደ መጠን መክፈሉም እንዲሁ። ከፍተኛ ምስጋና የሚገባው ተግባር የፈጸመ ሰው ግን ጊዜው ከመድረሱ በፊት ሊሰየም ይችላል።

ማመልከቻው የሚቀርበው ቅጣቱን ለወሰነው ፍርድ ቤት ነው። ስለዚህ በደብረ ታቦር በዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የተፈረደበት የስማዳ ነዋሪ ወገዳ ለሚገኘው የወረዳ ፍርድ ቤት ቢያመለክት መንገዱን በከንቱ ይደክማል። የውሳኔውን ግልባጭ፣ ከማረሚያ ቤት የተሰጠውን የመፈቻ ደብዳቤና ካሣ የከፈለበትን ደረሰኝ ቀድሞ ማሰባሰብ ይጠቅማል።

በአካባቢው ደም ሲፈስ ሽማግሌዎች ገብተው ባላንጣዎችን ማስታረቃቸው የቆየ ልማድ ነው። ዕርቁ ትልቅ ዋጋ አለው፤ ለአመልካቹ ጠባይም ምስክር ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ በሽማግሌ ፊት «ይቅር ለእግዚአብሔር» መባባል የፖሊስን መዝገብ አይነካም። በመንግሥት የሚሰጥ ይቅርታም ቢሆን የሚያስቀረው ቅጣቱን እንጂ የጥፋተኝነት ፍርዱን አይደለም፤ ፍርዱን እንዳልነበረ የሚያስቆጥረው ምሕረት ነው። ብዙዎች ሁለቱን አንድ አድርገው ስለሚያዩ ይቅርታ የተደረገለት ሰው መሰየም አያስፈልገኝም ብሎ ይቀመጣል፤ ይህም ቅጥር ሲጠይቅ ለድንገተኛ እንቅፋት ይዳርገዋል።

ፍርድ ቤቱ ጥያቄውን ከተቀበለ ፍርዱ ከፖሊስ መዝገብ ይሰረዛል፤ ለወደፊቱም እንዳልነበረ ይቆጠራል። ተሽሮ የነበረው የሕዝባዊ መብት ይመለሳል። የተሰየመን ሰው የቀድሞ ፍርዱን በክፋት እያነሣ የሚነቅፍ ሰው በስም ማጥፋት ሊጠየቅ ይችላል። የተሰየመው ሰው በ5 ዓመት ውስጥ በጽኑ እስራት በሚያስቀጣ ወንጀል እንደገና ከተፈረደበት ግን ውሳኔው ይሻራል።