ለእጅ ጥበብ የሚነደፍ ካርታ

«ካርታ» የሚለው ቃል በቤት ውስጥ ሲነሣ ብዙዎቻችን ቀድሞ ትዝ የሚለን ቁማር ነው። ስለዚህም አንዲት እናት ከሥራ ውላ ስትመለስ ልጇን ካርታ በእጁ ይዞ ብታገኘው መደንገጧና መቆጣቷ አያስደንቅም። በካርታ ምክንያት ደመወዝ ሲባክንና ትዳር ሲናጋ ያየ ሰው ይህን ቁጣ አይነቅፍም። ይሁን እንጂ ልጁ ብቻውን መስታወት ፊት ቆሞ ካርታውን በአንድ እጁ ሲከፍል፣ እንደ ማራገቢያ ሲዘረጋ፣ ከጣት ወደ ጣት ሲያሽከረክር ተገኝቶ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። አሸናፊና ተሸናፊ የለበትም፤ የሚያዝ ገንዘብም የለም። ካርዲስትሪ ይሉታል። ምትሃተኛ የሚሠራውን ይደብቃል፤ ካርዲስትሪ የሚሠራ ግን የጣቱን እንቅስቃሴ አንድ ሳያስቀር ያሳያል። ውበቱም እዚያው ላይ ነው። ልጆች ይህን በስልክ ከሚያዩአቸው ፊልሞች ስለሚማሩት፣ ወላጆች ምንነቱን ሳያጣሩ ካርታውን ቀደው ባይጥሉት መልካም ነው እንላለን።

ካርታን በእጅ ማሽከርከር አዲስ ነገር አይደለም። የመድረክ ምትሃተኞች ለዋናው ትርዒት ማጣፈጫ ሲያደርጉት ኖረዋል። ማጣፈጫው ራሱን የቻለ ወጥ የሆነው ቆይቶ ነው። አሜሪካዊው ክሪስ ኬነር እ.ኤ.አ. በ1992 በታተመ መጽሐፉ «ሲቢል» የተባለውን ስልት አወጣ፤ ካርታውን በሁለት እጅ ጣቶች መካከል ወደ በርካታ ክፍሎች ለያይቶ መልሶ የመግጠም ዘዴ ነው። የካሊፎርኒያዎቹ መንትያ ወንድማማቾች ዳንና ዴቭ በክ ጥበቡን አስፍተው፣ እ.ኤ.አ. በ2007 «ዘ ትሪሎጂ» በተባለ የማስተማሪያ ፊልማቸው ለብዙ ወጣቶች አደረሱት። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ «ዘ ቨርትስ» የተባሉ የሲንጋፖር ወጣቶች ከመነሻው ለዚህ ጥበብ ብለው የነደፉትን «ቨርቱኦሶ» የተሰኘ ካርታ አቀረቡ።

ለመሆኑ የተለመደው ካርታ ምን ጎደለው? እንደሚታወቀው የተለመደው ካርታ ጀርባ የተሠራው ምሥጢር ለመጠበቅ ነው። የ52ቱም ጀርባ አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ ተገልብጦ ቢያዝም ልዩነት እንዳይታይበት ይደረጋል። ሥዕሉም ብዙውን ጊዜ ደቃቅና የተጠላለፈ ነው። ይህ ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ለሚቀመጥ ካርታ ተስማሚ ነው። በፍጥነት ሲሽከረከር ግን ያ ሁሉ ደቃቅ ሥዕል ተደባልቆ የደበዘዘ ቀለም ብቻ ሆኖ ይቀራል። ለእጅ ጥበብ የሚነድፍ ሰው እንግዲህ ማሰብ ያለበት ስለ አንዲት የቆመች ካርታ ሳይሆን በአንድነት ስለሚንቀሳቀሱ 52 ካርታዎች ነው። ደማቅ ቀለምና ወፍራም መስመር የሚመረጠውም ስለዚሁ ነው። የፊቱና የጀርባው ቀለም በጉልህ ከተለያየ ደግሞ አንዱ ክፍል በአየር ላይ ሲገለበጥ ዓይን ወዲያው ይይዘዋል።

ካርታው እንደ ማራገቢያ ሲዘረጋ ከእያንዳንዱ የሚታየው ጠርዙ አካባቢ ያለው ቀጭን ቁራጭ ብቻ ነው። መሐሉ ላይ የተደከመበት ሥዕል ሁሉ ይሸፈናል። በአንጻሩ ከጠርዙ አጠገብ የተጣለች አንዲት ነጥብ፣ ከካርታ ወደ ካርታ እየተደገመች የቀስት ቅርጽ ትሠራለች። ሰፌድ የሰፋች እናት ይህን ለመረዳት አስተማሪ አያስፈልጋትም። እርሷ በአንድ ዙር ላይ ጣል የምታደርጋት ባለ ቀለም አክርማ ብቻዋን ስትታይ ምንም አትመስልም፤ ዙሩ ሲደጋገም ግን ምን ዓይነት ጌጥ እንደምትወልድ አስቀድማ ታውቃለች። የካርታው ነዳፊ ሥራም ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም።

የፊቱም ገጽ የራሱ ጣጣ አለው። በብዙ ካርታዎች ላይ ቁጥሩ የሚጻፈው በሁለት ማዕዘኖች ብቻ ስለሆነ፣ ካርታው በተቃራኒው አቅጣጫ ሲዘረጋ ነጭ ብቻ ይታያል። አንዳንድ ነዳፊዎች ቁጥሩን በአራቱም ማዕዘን የሚያደርጉት ለዚህ ነው። የጀርባው ነጭ ክፈፍም ያከራክራል። ክፈፉ ሲቀርና ቀለሙ እስከ ጠርዝ ሲደርስ የተዘረጋው ካርታ አንድ ወጥ ጨርቅ ይመስላል፤ ነገር ግን በአጠቃቀም ብዛት ጠርዙ ላይ ያለው ቀለም ይላጣል፣ ነጩ ወረቀትም ብቅ ይላል። በኛ አስተያየት ለጀማሪ ልጅ ክፈፍ ያለው ይሻላል፤ ካርታው ብዙ ጊዜ መሬት መውደቁ አይቀርምና።

ሥዕሉ የቱንም ያህል ቢያምር ወረቀቱ ካልተባበረ ዋጋ የለውም። ጥሩ ካርታ ሁለት የወረቀት ንጣፎች በጥቁር ሙጫ ተጣብቀው የሚሠራ ነው፤ ጥቁሩ ሙጫ ብርሃን እንዳያሳልፍ ያደርጋል። ገጹ ላይ በዓይን በደንብ የማይለዩ ጥቃቅን ጉድጓዶች ይታተማሉ። በጉድጓዶቹ ውስጥ የሚቀረው አየር አንዱ ካርታ በሌላው ላይ እንዲንሸራተት ይረዳል። ገጹ ፍጹም ልሙጥ የሆነ ርካሽ ካርታ ግን እርስ በርሱ እየተጣበቀ ስለሚያስቸግር፣ ልጁ የራሱ እጅ ደካማ መስሎት ተስፋ ይቆርጣል። ዱሮ ምትሃተኞች ካርታው እንዲንሸራተትላቸው ዚንክ ስቴሬት የተባለ ዱቄት ይቀቡት ነበር። ይህ ዱቄት በትንፋሽ ሲገባ ሳንባን፣ በተለይም የሕፃናትን፣ ስለሚጎዳ ቤት ውስጥ ባይገባ ይመረጣል። እጅን ታጥቦ በደንብ ማድረቅ ይበቃል። መጠኑን በሚመለከት ደግሞ የተለመደው ካርታ ወርድ 63 ሚሊሜትር ያህል ሲሆን፣ 57 ሚሊሜትር የሆነ ጠበብ ያለ ዓይነትም አለ። ለትንንሽ ጣቶች ጠባቡ ይቀላል።

እናቶች በእውነት ሊጠነቀቁበት የሚገባው ነገር ሌላ ነው፤ ወጪው። አምራቾች በየጊዜው «ብዛቱ የተወሰነ» እያሉ አዲስ ንድፍ ያወጣሉ፤ ወጣቱም ሳይከፍት መደርደሪያ ላይ ለሚያስቀምጠው ካርታ ገንዘቡን ያወጣል። ይህ ለእጅ ምንም አያስተምርም። ለልምምድ አንድ እሽግ ይበቃል፤ አዲስ ንድፍ ያማረው ልጅ ደግሞ ራሱ ቢነድፍ ከሁሉ ይበልጣል። ወፈር ባለ ወረቀት ላይ 63 በ88 ሚሊሜትር የሆነ ቅርጽ አስምሮ ጀርባውን ይሣል። ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዶ አሥራ አምስት ያህል ቅጂ ካስነሣ በኋላ በእኩል ይቁረጣቸው። ከዚያም ደራርቦ ከታች በኩል መሐሉን በስፒል ያያይዝና እንደ ማራገቢያ ይዘርጋቸው። እናትም ሁለት ሜትር ያህል ርቃ ቆማ ምን እንደሚታያት ትንገረው። ከካርታ ወደ ካርታ ማለፍ የነበረበት መስመር ከተቆራረጠ ወይም ጨርሶ ከተሸፈነ፣ ሥዕሉን ወደ ጠርዙ አስጠግቶ ሌላ አሥራ አምስት ቅጂ ማስነሣት ነው።