የባለ ሰንሰለት መኪና እግር ስለሚበላው ነገርና ስለ መከላከያው

ባዲስ አበባ ምዕራብ፥ በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ፥ ረጲ በሚባለው ስፍራ ያለውን፥ ሕዝብም ቆሼ ብሎ የሚጠራውን የቆሻሻ ተራራ የማያውቅ የከተማ ሰው አይገኝም። ስፋቱ 36 ሄክታር ያህል ነው፤ ከ50 ዓመት በላይም የከተማው ጥራጊ ሲጣልበት ኖሯል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓመተ ምሕረት ክምሩ በምሽት ተንዶ ከ100 የሚበልጡ ነፍሳት በየቤታቸው እንዳሉ መቀበራቸው የሚረሳ አይደለም። ይህን የመሰለውን ክምር የሚገፋውና የሚደለድለው ዶዘር የሚባለው ባለ ሰንሰለት መኪና ነው፤ በዚያም መከራ ጊዜ ሬሳ ለማውጣት የቆፈሩት መኪናዎች ከዚሁ ወገን ነበሩ። መኪናው ቆመ ማለት ክምሩ እንደ ተጣለ ቀረ ማለት ነውና፥ እግሩን የሚበላውን ነገር ማወቅ ለሹም ሁሉ ይገባል።

ጠላቱ አሸዋና የመስተዋት ስብርባሪ ነው። በአሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ የሚባለው ድንጋይ ከተራ ብረት ይልቅ ጠንካራ ስለ ሆነ እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። የሰንሰለቱ ፒንና ቡሽ በተበሉ ጊዜ ሰንሰለቱ ይረዝማል፤ ሲረዝምም ከሚያዞረው ጥርስ ጋራ መግጠሙን ይተውና ጥርሱን ደግሞ ይበላዋል። ላላ ብሎ ከልክ በላይ ማጥበቅም መድኃኒት አይደለም፤ ጥፋቱን ያፋጥነዋል እንጂ።

እንግሊዛዊው ሮበርት ሃድፊልድ በ1882 እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ከመቶው 12 ያህል ማንጋኒዝ ያለበትን አረብ ብረት አገኘ። ይህ ብረት በተመታ ቍጥር ገጹ እየጠነከረ ስለሚሄድ ለታንክ ሰንሰለት አገልግሏል። ነገር ግን የሚመታው ሲያጣና አሸዋ ብቻ ሲፍቀው ያ ጥንካሬው አይወጣም። ስለዚህ ክሮሚየምና ካርቦን የበዛበትን የብየዳ ዘንግ አቅልጦ በተበላው ብረት ላይ ማልበስ ተለመደ፤ ሲረጋ በውስጡ የሚፈጠረው ክሮሚየም ካርባይድ ከኳርትዝ ይጠነክራልና። በልባሱ ላይ ቀጫጭን ስንጥቅ ቢታይ በያጁ አይወቀስ፤ ብረቱ ሲቀዘቅዝ የሚሸከመው ውጥረት የሚወጣበት ነው። ጥበቡ ያለው ከሥር ያለውን ብረት በማወቅ ላይ ነው፤ ካርቦን የበዛበት አስቀድሞ ሳይሞቅ ቢበየድ ይሰነጠቃል፤ የማንጋኒዙ ግን እጅግ ቢሞቅ ይሰባበራል።

ይህ ብልሃት ላገራችን ሰው ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ገበሬው ማረሻው በዶለዶመ ጊዜ ወደ ባለ እጅ ወስዶ ያስቀጠቅጠዋል እንጂ አይጥለውም። ዓፄ ምኒልክም በ1900 ዓመተ ምሕረት ሠራተኛን በሥራው መስደብ በአዋጅ መከልከላቸው የታወቀ ነው። ዛሬ ግን ብልህ በያጅ ከደጅ ቆሞ ሳለ አዲስ ሰንሰለት በውጭ ምንዛሪ ለማስመጣት መቸኰል ያሳዝናል።

ፒንና ቡሽ በልባስ አይታከሙም። የነዳጁን ሊትር የሚጽፈው መዝገብ የሰንሰለቱንም ርዝመት እየተለካ ቢጽፍ፥ ቡሹ በጊዜው ግማሽ ዙር ተገልብጦ ባልተበላው ወገኑ ይሠራል፤ ጊዜው ካለፈ በኋላ ግን የሚገለበጥ ወገን አይቀረውም።