የመልእክት ዋጋ ስንት ነው?

በመርካቶ ምን አለሽ ተራ፣ አሮጌ በርሜልና ቆርቆሮ ተመልሶ የቤት ዕቃ ይሆናል። አንዱ ባለሙያ ቆርጦ ለሌላው ይልካል፣ ሌላው ይቀጠቅጣል፣ ሦስተኛው ይበይዳል እንበል። በመካከላቸው የሚመላለሰው ተሸካሚ ሕዝቡን እየተጋፋ የሚሄድበት ጊዜ፣ አንድ ቆርቆሮ ቢይዝም አሥር ቢይዝ እምብዛም አይለያይም። በጭነቱ ልክ የሚጨምረው የመጫኛና የማውረጃ ጊዜው ነው።

በብዙ ፕሮሰሰሮች ላይ በትይዩ የሚሠራ ፕሮግራምም ተመሳሳይ ጠባይ አለው። እያንዳንዱ ፕሮሰሰር የራሱ ማኅደረ ትውስታ ሲኖረው፣ የጎረቤቱን መረጃ የሚያገኘው በመልእክት ነው። ለዚህ ልውውጥ የተዘጋጀው ኤምፒአይ የተባለ ደንብ የመጀመሪያ እትሙ በ1994 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። የአንድን መልእክት ወጪ በሚከተለው ቀመር መገመት እንችላለን፦

ጊዜ = መነሻ ጊዜ + (የመልእክቱ መጠን ÷ የማስተላለፊያ ፍጥነት)

ለምሳሌ መነሻው 2 ማይክሮ ሴኮንድ፣ ፍጥነቱም በሴኮንድ 10 ቢሊዮን ባይት ይሁን። እያንዳንዳቸው 8 ባይት የሆኑ 1000 ቁጥሮችን አንድ በአንድ ብንልክ 2000.8 ማይክሮ ሴኮንድ ይፈጃል፤ በአንድ መልእክት ጠቅልለን ብንልክ ግን 2.8 ብቻ ይበቃል። ልዩነቱ ከ700 እጥፍ በላይ ነው። መነሻውና ማስተላለፊያው እኩል ጊዜ የሚወስዱት መልእክቱ 20,000 ባይት ሲሆን ነው፤ ከዚያ በታች ገዥው መነሻው ነው።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ነገር ግን ሠራተኛ መጨመር ሁልጊዜ ያፋጥናልን? አንድ ፕሮሰሰር በ1000 ማይክሮ ሴኮንድ የሚጨርሰውን ሥራ እኩል እናከፋፍል፤ ሁሉም አጭር ውጤታቸውን ለአንድ አለቃ ይላኩ፣ እርሱም በየተራ ይቀበል። በ10 ፕሮሰሰር 100 + 18 = 118 ማይክሮ ሴኮንድ ይሆናል። በ22 ወደ 87.5 ይወርዳል። በ100 ግን 10 + 198 = 208 ይደርሳል፤ መቶው ከአሥሩ ዘገዩ ማለት ነው።

መፍትሔው የአሰባሰቡን ሥርዓት መለወጥ ነው። ፕሮሰሰሮቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ውጤታቸውን ቢያዋህዱ፣ 100ው በ7 ዙር ያበቃሉ፤ የመደመሪያውን ጊዜ ትተን ጠቅላላው 10 + 14 = 24 ይሆናል።

ቀመሩ ግን በአንድ መንገድ ላይ የሚፈጠረውን የመልእክት መጨናነቅ አይቆጥርም። በ1993 እ.ኤ.አ. የቀረበው ሎግፒ የተባለ ሞዴል የጉዞውን መዘግየት፣ ፕሮሰሰሩ በመላክና በመቀበል የሚያጠፋውን ጊዜ፣ በተከታታይ መልእክቶች መካከል የሚያስፈልገውን ክፍተትና የፕሮሰሰሮቹን ብዛት ለየብቻ ይመለከታል።

ሁለቱን ቁጥሮች በቤተ ሙከራ መለካት አያዳግትም። በሁለት ኮምፒዩተሮች መካከል የተለያየ መጠን ያላቸውን መልእክቶች ደርሶ መልስ እንላክ፤ ጊዜውን ለሁለት አካፍለን ከመጠኑ ጋር በግራፍ እናስቀምጥ። መስመሩ የጊዜውን ዘንግ የሚቆርጥበት ነጥብ መነሻውን ይሰጠናል፤ ተዳፋቱም አንድ ባይት ለማስተላለፍ የሚወስደውን ጊዜ።